አይዞሽ አትበይኝ

ስልኩ የጠራው ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን አልረሳውም፤ በቅጹ ላይ ከሁሉ በፊት የሚሞላው እሱ ነው። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች የሚደውሉበትን ስልክ ስለምመልስ ከዚያች ምሽት በፊትም በኋላም ብዙ ጥሪ ተቀብያለሁ። አብዛኞቹ ከጊዜ ብዛት እርስ በርሳቸው ተደበላልቀውብኛል። ይህችኛዋ ግን ዕቃ ሳጥብ፣ ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ፣ ክኒን ስቆጥር ትመጣብኛለች። ይዛብኝ የምትመጣውም አንዲት ቃል ናት። በቀን ሃያ ጊዜ የምንላት፣ ስንላት እንኳ የማንሰማት ቃል፦ አይዞሽ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ደዋዮች የሚነግሩን ከእኛ ጋር እንዲቀር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ አንዲት ልጅ ስጽፍ የቤቱን ሰዎችና እሷን ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ አዛብቼዋለሁ፤ ከሌላ ጥሪ የተወሰደም አለበት። የተባባልናቸው ጥቂት ቃላት ግን እንዳሉ ናቸው። እነሱን ብለውጥማ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም።

## ከመስኮቱ ወዲህ

የቀን ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው። 11 ዓመት ሙሉ ከመስታወት መስኮት ጀርባ ቆሜ የሰው ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ፖስት ፒል፣ ያቺን የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ክኒን፣ የሚገዛ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ከኋላው ሌላ ገዢ ካለ «ያቺን ነገር» ይላል። እኔም «ያቺን ነገር» ጠቅልዬ እሰጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ ሰው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከለበሰች ልጅ ጋር መጣ። ከፈለ፣ ተቀበለ፣ የታሸገ ውሃ ጨምሮ ገዛና እዚያው መስኮቱ ሥር አስዋጣት። ልጅቷ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔም ምንም አልጠየቅኩም። መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ስለዚያ ቀን የምናገረው ይህን ያህል ነው፦ መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁት። አጎቷ ይሁን አባቷ፣ ሌላ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። ከጥቂት ወራት በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ስልክ የምትመልስበት ቦታ እንዳለና የሰው እጥረት እንዳለባቸው ስትነግረኝ «እኔም ልምጣ?» አልኳት። ሰዎች ምን እንዳነሳሳኝ ሲጠይቁኝ ኅብረተሰቡን ለማገልገል ነው እላለሁ። እንዲያ ማለት ይቀላል።

## ጣት ያለው ጥያቄ

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ምክር መስጠት ይመስላል። ሥልጠናው ግን በአብዛኛው ምክር አለመስጠትን መማር ነበር። ደዋይ እንደተገናኘች ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አሁን ማውራት ይመችሻል? ብቻሽን ነሽ? የያዝሽው ስልክ የማን ነው? ስልኩ የባል ወይም የአሠሪ ከሆነ ስትጨርስ ቁጥራችንን እንድታጠፋው እንነግራታለን። ሰው ድንገት ቢገባባት «ተሳስተዋል» ብላ እንድትዘጋ አስቀድመን እንስማማለን። መስመሩ ቢቋረጥ፣ እሷ ፈቅዳ ካልነገረችን በስተቀር፣ መልሰን አንደውልም። ይህ የመጨረሻው ሕግ መጀመሪያ ላይ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አሠልጣኛችን «ስልኩ ሲጮህ በማን እጅ እንዳለ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ ዝም አልኩ።

«ለምን» የሚባል ቃል ደግሞ ከበሩ ውጭ ይቀራል። ለምን ሄድሽ፣ ለምን አልጮህሽም፣ ለምን እስከዛሬ ሳትናገሪ ቆየሽ። «በለምን የሚጀምር ጥያቄ ሁሉ ጣት አለው» ትል ነበር አሠልጣኛችን፣ ጣቷን ወደ ግንባራችን ቀስራ።

ከሚደውሉት መካከል አንዳንዶቹ ምንም አይናገሩም። ይተነፍሳሉ። አንዳንዴ ከበስተጀርባ የሕፃን ልቅሶ ወይም የቡና ሙቀጫ ይሰማል። እኛም እንጠብቃለን፤ በየመካከሉ «እዚህ ነኝ» እንላለን። ዝም አይነቅዝም ይላል የሀገሬ ሰው። በእነዚያ ጥሪዎች የሰማሁት ዝምታ ግን የነቀዘ ነበር፤ ጆሮን አስጠግቶ ላዳመጠው ሲቦረቦር ይሰማል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል 66 ከመቶው እርዳታ አለመፈለጋቸውን፣ ለማንም ሰው አለመናገራቸውን መዝግቧል። ቁጥሩን በሥልጠናው ወቅት ስሰማ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ አለፍኩ። አሁን ስልኩ ላይ የምሰማው ትንፋሽ የዚያ ቁጥር ትንፋሽ ነው።

የሚናገሩት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ስለዘለለባቸው የማያውቁት ሰው ያወራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሪ የተቀበልኩት ጥቂት ጊዜ ነው። አጎት ነው፣ የእንጀራ አባት ነው፣ አለቃ ነው፣ ቀለበት ያሰረላት እጮኛ ነው። የጎረቤት ሌባ ቢያዩት ይስቅ፣ ባያዩት ይሰርቅ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው፤ በማግስቱ ቁርስ ላይ አብሮ ይቀመጣል፣ ይስቃል፣ እንጀራ ጨምሪልኝ ይላል።

## ውሃ የሚፈስበት ክፍል

ያቺ ልጅ ሄሎ አላለችም። መጀመሪያ የሰማሁት የቧንቧ ውሃ ነው፤ ቀጥሎ በሹክሹክታ፦

«ይቅርታ እትዬ፣ መሽቷል መሰለኝ።»

እትዬ አለችኝ። በስልክ መስመር ላይ ስም አንለዋወጥም፤ ማን እንደሆነች ግን በዚያች አንዲት ቃል ነገረችኝ። እትዬ የምትባል ሴት ባለችበት ቤት ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ያንን መጠሪያ ከላዬ ላይ ማውረድ ፈለግኩና «እህቴ በይኝ፣ ይበቃል» አልኳት። «እሺ እትዬ» አለች።

ሦስቱን ጥያቄዎች ጠየቅኳት። ስልኩ የራሷ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ውሃውን የለቀቀችው ድምፅዋ እንዳይወጣ ነው። የቤቱ ሰዎች ሳሎን ቴሌቪዥን እያዩ ነው። እሱስ? እሱም አብሯቸው እያየ ነው። «እሱ» የእትዬ ወንድም ነው፤ ለጉዳይ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እስከመጨረሻው ድረስ ሌላ ስም አልሰጠችውም።

«ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ክፉ ነገር አገኘኝ» አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። መደፈር የሚለውን ቃል ደዋዮች እምብዛም አይጠቀሙበትም። ክፉ ነገር አገኘኝ ይላሉ፣ ጉድ ሆንኩ ይላሉ፣ ተበላሸሁ ይላሉ። ይህቺ የመጨረሻዋ እንደ ወተት፣ እንደ ወጥ ነው። እኛ ቅጹ ላይ «አስገድዶ መድፈር» ብለን እንጽፋለን። ቃሉን አጥብቄ ሳየው ለእኔም ይጎረብጠኛል። ደፋር ብለን ጀግናውን እናሞግስበታለን፤ ልጆቻችንን ድፍረት ይኑራችሁ እንላቸዋለን። ሴቲቱ ደግሞ በዚያው ቃል ተደፈረች ትባላለች። ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ብዙ አልተናገረችም። አንድ ነገር ግን በተራ ድምፅ፣ የዕለት ሥራዋን እንደሚዘረዝር ሰው፣ እንዲህ አለች፦ «አንሶላውን ጠዋት እኔው አጠብኩት። ልብስ የማጥበው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ነው አይዞሽ ያልኩት። ከዚያም ደገምኩት። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ውስጤ ብድግ ብላ ሰዓት መቁጠር ጀምራ ነበር፤ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ አሁን ቅዳሜ ማታ፣ 72 ሰዓት አልሞላም፣ ይደርሳል! ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረና ለ28 ቀን ከተወሰደ ይሠራል። ይህን በአንድ ትንፋሽ ልነግራት ፈልጌ፣ እንዳትደነግጥ ደግሞ በየመካከሉ አይዞሽ እየሰካሁ ተጣደፍኩ። አይዞሽ መድኃኒት አለ፣ አይዞሽ ሰዓቱ አላለፈም፣ አይዞሽ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። አምስት ጊዜ ሳልል አልቀርም። ውሃው መፍሰሱን ሲያቆም ሰማሁ።

«አይዞሽ አትበይኝ» አለች።

ሹክሹክታ አልነበረም። «እሱም አይዞሽ ነው ያለኝ። አፌን ይዞ አይዞሽ፣ አይዞሽ እያለ ነው።»

መስመሩ ተዘጋ።

## ለሁሉም ቃል አለን

መልሰን አንደውልም ብያለሁ። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና አየሁት። ከጎኔ ያለችው ባልደረባዬ ከሌላ ደዋይ ጋር በኦሮምኛ ቀስ እያለች ታወራ ነበር። እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ልጅቷ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። ሌላ ምን ልላት እችል ነበር? አንድ በአንድ ፈለግኩ፤ አጣሁ።

እኛ ሰዎች እኮ ለሁሉም ነገር የተዘጋጀ ቃል አለን። ያስነጠሰውን ይማርህ እንላለን። ሐዘን ላይ ለተቀመጠችው እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ለወለደችው እንኳን ማርያም ማረችሽ። አዲስ ቀሚስ ለለበሰች እንኳ በጤና ልበሽው የሚል ምርቃት አለ። መንገድ ላይ የማናውቀው ሰው እንቅፋት ሲመታው «እኔን!» እንላለን፤ የአውራ ጣቱን ሕመም በእኔ ያድርገው ማለታችን ነው። ለአውራ ጣት እንዲህ የምንሆን ሰዎች፣ በጓዳዋ ክፉ ነገር ላገኛት ልጅ የምንለው አንድም የራሷ የሆነ ቃል የለንም። ያሉን ሆድ ይፍጀው፣ ቻይው፣ ለማንም እንዳትናገሪ ናቸው። ከዚያ ደግሞ ለፈተናም፣ ለምጥም፣ ለመርፌም የምናውላትን አይዞሽን እንዋሳለን።

ቃሏ ክፉ ናት ማለቴ አይደለም። እናቴ መብራት ጠፍቶ ስፈራ ከሌላ ክፍል ሆና አይዞሽ ስትለኝ ጨለማው ይቀንስልኝ ነበር። ግን በኋላ ሳዳምጥ፣ የራሴንም የሌላውንም ሳዳምጥ፣ አይዞሽ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የሰሚው ሆድ ሲታወክ እንደሆነ ደረስኩበት። ልቅሶዋን መሸከም ሲያቅተን ነው የምንለው። በቃሽ ማለትን አለሳልሰን አይዞሽ እንላለን። እኔ ያን ምሽት አምስት ጊዜ ያረጋጋሁት ራሴን ነው። ያ ሰውዬም ለራሱ ነበር የሚለው፤ ይህ ሐሳብ የመጣልኝ እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት ነውና እስካሁንም ደስ አይለኝም።

በሽምግልና የሚመጣውም አይዞሽ አለ። ነጠላ አጣፍተው፣ የአጥቂውን አባት አስከትለው፣ ልጁ ያገባታል፣ አይዞሽ የሚሉ አሉ። ይህን ሕጋችንም ለረጅም ጊዜ ብሎታል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ በሕጋዊ መንገድ ካገባ ክሱን ያስቀርለት ነበር፤ ያ ድንጋጌ የተሰረዘው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሲመጣ ነው። አዲሱም ሕግ ቢሆን ጎዶሎ አለበት። አንድ ምሽት አንዲት ሴት «ባል ከሆነስ ይቆጠራል?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ስለ አስገድዶ መድፈር የሚናገረው አንቀጽ 620 ላይ ከጋብቻ ውጭ የሚሉ ቃላት እንዳሉ አውቃለሁ። በሕጉ ምን እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርኳትና «እኛ ጋ ግን ይቆጠራል» አልኳት። ረጅም ጊዜ አወራች።

በዚያው ሕግ ውስጥ የምወደው አንቀጽ ደግሞ አለ። ከመደፈር የመጣ ጽንስ ማቋረጥ የምትፈልግ ሴት መደፈሯን ለማስረዳት የራሷ ቃል ብቻ በቂ ነው ይላል አንቀጽ 552። ምስክር አምጪ፣ ፍርድ ቤት ይወስን፣ ለምን አልጮህሽም አይልም። እስከማውቀው በሀገራችን ወረቀት ላይ ለእንዲህ ላለች ሴት ከተጻፈው ሁሉ አይዞሽን የሚያስንቅ ቃል እሱ ነው።

## ስንት ሰዓት ቀረኝ

20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስልኩ ጠራ። ውሃው እየፈሰሰ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች። እትዬ አላለችም። ልብ አድርጌ ጠበቅኩ፤ ከዚያም በኋላ አላለችም። ተቆጥታኝ አንቺ ካለችኝ ወዲያ ወደ እትዬ መመለሻው መንገድ የጠፋባት ይመስለኛል። እኔም በልቤ እሰየው አልኩ።

ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ እንዲህ ለማለት ፈልጌ አልነበረም፣ አንቺን ለማስቀየም አስቤ...

«ስለ ሰዓት የሆነ ነገር ብለሽ ነበር» አለችኝ መሀል ገብታ። «ስንት ሰዓት ቀረኝ?»

ከተጣደፍኩበት ንግግር ሁሉ የያዘችው ቁጥሩን ነው። አይዞሹን ጥላ ቁጥሩን ይዛ ሄዳ፣ 20 ደቂቃ አስባበት ተመለሰች። እስክሪብቶ አነሳሁና አብረን ቆጠርን። ነገሩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው አለች። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኩም፤ ራሷ ነገረችኝ። «ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነበር የማየው።»

ከዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት እስከ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት 24። ከዚያ እስከ አሁን፣ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፣ 20። ድምር 44። ከ72 ላይ ሲነሣ 28። ቅጹ ቀኑን እንደ ፈረንጆቹ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሚቀይር፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ የሚለውን ያላስተዋለ ሰው አንድ ሙሉ ቀን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ቆጠርን፤ በሁለተኛው እሷ ቀደመችኝ። «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ 8 ሰዓት» አለች። «ልክ ነሽ፤ ግን እስከዚያ አትጠብቂ። ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለእርግዝናውም እንዲሁ» አልኳት።

«ነገ ቅዳሴ አለ። 12 ሰዓት ትለቀኛለች። 3 ሰዓት ቁርስ ላይ መድረስ አለብኝ።»

እውነቱን መንገር ነበረብኝ። ሆስፒታል ተመርምሮ፣ መድኃኒት ተቀብሎ በ3 ሰዓት ቤት መድረስ አይቻልም። ነገርኳት። አሰበች። «ስብከቱ ረዘመ እላለሁ» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። እንዲህ ባለ ጥሪ ላይ ሰው ይስቃል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ «ወይም አልመለስም» አለች፤ ዝም አልን። ሂጂም አትሂጂም ማለት የእኔ አይደለም። መጠለያ የሚሰጡ ቦታዎች እንዳሉ፣ ብትወስን ከሆስፒታሉ ሆና ብትደውልልን እንደምናገናኛት ነገርኳት። ደመወዟ እትዬ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። የሁለት ዓመት ደመወዝ።

«ለታክሲ አለሽ?»

«የጧፍ አለችኝ።» እሑድ እሑድ እትዬ ለጧፍ የምትሰጣት ብር ናት።

ቀሚሱን አላጠበችውም። አንሶላውን አጥባ፣ ቀሚሷን በፌስታል አድርጋ ፍራሽ ሥር ደብቃዋለች። ያስተማራት ሰው የለም፤ «እንዲሁ ላጥበው አልሆነልኝም» አለች። ፌስታል ውስጥ እርጥበት ስለሚያበላሸው አውጥታ በጋዜጣ እንድትጠቀልለው ነገርኳት። ጋንዲ ሆስፒታልን የመረጥኩላት ሐኪሙም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ማዕከል ስለሚገኙ ታሪኳን ከቢሮ ቢሮ ተሸክማ እንዳትንከራተት ብዬ ነው። እሑድ ቢሆንም ድንገተኛ ክፍሉ አይዘጋም። ሌላም ጥቅም አለው፦ የወሊድ ሆስፒታል እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ስታዲየም ወርዳ መንገድ ብትጠይቅ ሰው የሚያስበው ወላድ ጥየቃ እንደሄደች ነው።

ሁሉንም ደገመችልኝ። ጋዜጣ፣ ጧፍ፣ ስታዲየም፣ ጋንዲ። ልጅነቷ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሱቅ የተላከች ልጅ መንገድ ላይ እንዳይጠፋባት የምትደጋግመው ዓይነት ነበር። አይዞሽ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ዋጥኳት።

«አምኜሻለሁ» አልኳት በምትኩ። በሥልጠና ላይ የተማርነው ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ግን የወረቀት ድምፅ ያለው መሰለኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ውሃውን ዘጋችው። «በይ ደህና እደሪ» አለችኝ።

## ከዚያስ?

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ጥቂት ወዳጆቼ ሁሉ ከዚያስ ይላሉ። ከዚያ ያለውን አላውቀውም። በማግስቱ የነበረችው ተረኛ እንዲህ ያለ ጥሪ አልተቀበለችም። ሆስፒታል ደውዬ እንዲህ ያለች ልጅ መጥታ ነበር ብዬ አልጠይቅም፤ ምስጢር ማለት ለእኔም ምስጢር ነው። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ 8 ሰዓት ላይ ግን ነቅቼ ነበር። የስልኬን ሰዓት ሲቀየር አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ተለውጧል። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «ያቺን ነገር» ለሚሉኝ ስሟን ጠርቼ እሰጣለሁ፤ ከልጅ ጋር ለሚመጣ ሰው ደግሞ «እሷን ለብቻዋ ላናግራት» እላለሁ። ሁለቱ ተቆጥተው ሄደዋል፤ አለቃዬም አልወደደውም። ስልኩ ላይ ደግሞ አይዞሽ ማለትን ትቼ ነበር። እሱም ብዙ አልቆየ። በዕድሜ የገፉ እናት ደውለው፣ የ50 ዓመት ነገር፣ የጠላፊያቸውን ሚስት ሆነው አምስት ልጅ የወለዱለትን ነገር፣ ከልባቸው እያለቀሱ አጫወቱኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚባለው በእሳቸው ሲደርስ ሰማሁት። እኔ እንደ ተማርኩት ዝም ብዬ «እዚህ ነኝ» እላለሁ። ጨርሰው አፍንጫቸውን ሲያብሱ ተቆጡኝ፦ «አይዞዎት እንኳ አትይኝም ልጄ?»

«አይዞዎት እማማ» አልኩ። ምን ልል እችላለሁ?

እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በሩ ላይ ጧፍ ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ እቆማለሁ። ልጅቷ ያለችው እኔ ካለሁበት ሰፈር ርቃ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እነዚያን ነጠላ የለበሱ፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ሳንቲማቸውን በመዳፋቸው ጨብጠው በችኮላ የሚመጡ ልጆች አያለሁ። ባለፈው አንዷ በክንዷ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ፣ ጧፍ ሻጮቹን አልፋ፣ በሩንም አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ታክሲ መያዣው ሄደች። ምናልባት ዳቦ ነው። ልከተላት ሁለት እርምጃ ተራምጄ ቆምኩ።

«ስንት ልስጥሽ?» አለችኝ ጧፍ ሻጯ።

ስንት እንዳልኳት አላስታውስም። ሰዓቴን እያየሁ ነበር።